ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ሰው

ከሜልቦርን ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የቢሾፍቱ ጎረቤቶቼ «አውስትራሊያ እንዴት ናት?» ሲሉኝ ስለ ንፋሷና ስለ መንገዷ ስፋት አወራላቸዋለሁ። የሄድኩበትን ዋናውን ጉዳይ ግን በቃል ልናገረው ስሞክር ይምታታብኛል። በጽሑፍ ይሻለኝ እንደሆነ ልየው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ጄት አብራሪዎችን በማሠልጠን ነው። ማሠልጠኛው ጄት ሁለት መቀመጫ አለው፤ ተማሪው ከፊት፣ አሠልጣኙ ከኋላ። ከፊቴ ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ ዩሱፍ የሚባል የወሎ ልጅ ነበር። ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎታል። ከበረራ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ አገሩም ተለዋወጠ፣ እሱም በኬንያ በኩል ወጥቶ አውስትራሊያ ገባ ሲሉ ሰማሁ።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ።

«ጋሼ ታደሰ፣ ዩሱፍ ነኝ። እዚህ የአውሮፕላን ትርኢት ሊኖር ነው፤ ሰው አልባዎቹም ይመጣሉ። ቲኬትዎን ቡክ አድርጌአለሁ፤ እምቢ እንዳይሉኝ።»

ያስወጣሁት ልጅ ለምን እንደሚጠራኝ አልገባኝም። ፈራሁ ብል አላበልኩም። ነገር ግን ሰው አልባዎቹን ማየት እፈልግ ነበር። አሁን በየአገሩ የሚከራከሩበትን ነገር ልጄ በስልኬ ላይ አሳይታኝ ነበር። እነዚህ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ለተዋጊ ጄት አጃቢ ሆነው አብረውት ይበርራሉ፤ የሚያዛቸውም ጄቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ታዲያ አንድ ሰው እየበረረ አራት አጃቢ ማዘዝ ይችላል ወይስ ከኋላው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል? የአንድ መቀመጫና የሁለት መቀመጫ ክርክር ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ላረጀ ሰው ይህ ወሬ ብቻ አይደለም።

እሑድ

ባለቤቴ አልማዝ ለዩሱፍ ሚስት የሚሆን ንጥር ቅቤ በላስቲክ ጠቅልላ፣ በፎጣ አስራ፣ ከሻንጣዬ እምብርት ላይ አስቀመጠችው። ከቢሾፍቱ ቦሌ ለመድረስ የፈጀብኝ ጊዜ የአንድ ሙሉ የበረራ ትምህርት ያህል ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ መካከለኛ ወንበር ደረሰኝ። ግራና ቀኜ ያሉት ሰዎች ተኙ፤ እኔ ግን ሞተሩ ድምፁን በቀየረ ቁጥር ነቃ እላለሁ። ልማድ ነው።

ሲንጋፖር ላይ ረጅም ሰዓት ጠበቅሁ። ወለሉ ምንጣፍ የለበሰ ጣቢያ አይቼ አላውቅም ነበርና ጫማዬን እያየሁ ሄድኩ።

ማክሰኞ

ሜልቦርን ስደርስ የመጀመሪያው አደጋ በቅቤው ላይ ደረሰ። ቅጹ ላይ ምግብ መያዜን በሐቅ ሞልቻለሁ። አንዲት ሸበቶ ሴት ሠራተኛ ፎጣውን ፈታች፤ አሸተተች።

«የወተት ነገር ነው?»

«አዎ፤ የባለቤቴ ሥራ ነው።»

በእኛ አገር ለቅሶ ስንደርስ እንደምናደርገው አንገቷን ሰበር አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችኝና ቅቤውን ወሰደችው። በርበሬውንና ሽሮውን አገላብጣ አይታ መለሰችልኝ። ፎጣውንም አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። እንዲህ በትሕትና ዕቃ ተወርሶብኝ አያውቅም።

ዩሱፍ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ሲያየኝ እግሮቹን ገጠመ፤ እንደ ድሮው ሰላምታ ሊሰጥ ነው ብዬ ስደነግጥ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ።

«አልተለወጡም፣ ጋሼ።»

«ዋሸህ» አልኩት።

መኪናው ውስጥ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን። መሬቱ ልጥጥ ያለ ሜዳ ነው። የአየር ኃይል ግቢያችን ዙሪያ ሜዳ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ግን አንድ ጉብታ እንኳ ዓይን አያሳርፍም። በላቨርተን ኖርዝ ስናልፍ መስኮት የሌላቸው ትልልቅ መጋዘኖች አሳየኝ።

«እዚያ ነው የምሠራው። ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። የማለዳ ሺፍት ነው፤ ለአንቱ ስል ሊቭ ወስጃለሁ።»

«ፎርክሊፍት ስንት ሰው ይይዛል?»

«አንድ» አለና ሳቀ።

ቤቱ ፖይንት ኩክ ነው። ሚስቱ ዘይነባ አስቀድማ ስለ ጾሜ ጠይቃ ኖሯል። ዐቢይ ጾም ላይ ነበርኩ፤ እሷም ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሱፍ ፍትፍቱን ሠርታ ቤተሰቡ በሙሉ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በላ። የቅቤውን ዕጣ ስነግራት «በጾምዎ ላይ ቅቤ ይዘው መምጣትዎ ራሱ ስጦታ ነው» አለችኝ።

ልጃቸው ሐያት የሃያ ስድስት ዓመት ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን እየሠራች ነው። ጥናቷ ምን እንደሆነ ብጠይቃት የያዝኩት ውሃ ሊያንቀኝ ነበር፦ አንድ አብራሪ ብቻውን ሰው አልባ አጃቢዎችን ሲያዝና ሁለት ሆነው ሲያዙ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ትለካለች።

«ጋሼ፣ እርስዎና አባዬ አብራችሁ ምን ትሠሩ ነበር?» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት ዩሱፍ ቀደመኝ። «ጋሼ አለቃ ነበሩ። እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት።»

ውሸት አልነበረም። ካስወጣሁት በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድቧል። ከዚያ በፊት ግን ጄት ያበርር ነበር፤ ልጁ ይህን አታውቅም። ዩሱፍ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም ጎመኔን በላሁ።

ረቡዕ

ጠዋት እግሬን ላፍታታ ብዬ ወጣሁና ጠፋሁ። እዚያ ሰፈር ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ግራጫ ጣሪያ፣ ግራጫ ጋራዥ፣ አንድ ቀጭን ችግኝ። ቢሾፍቱ ብጠፋ የምጠይቀው ሱቅ አለ፤ እዚህ ሱቅም ሰውም ደጅ የለም። አንዱን ቤት የዩሱፍ ነው ብዬ ባንኳኳ አንድ ነጭ ውሻ በመስታወቱ በኩል በትዝብት አየኝ።

አንድ መኪና አጠገቤ ቆመ። የነርስ ልብስ የለበሰች ሴት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል? ጠፍተዋል?» አለችኝ። ትዕግሥት ትባላለች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርታ አድራ መግባቷ ነው። የዩሱፍን ስም ስነግራት አወቀችው፤ ከሁለት መንገድ ማዶ ነበርኩ። በመንገድ ላይ ስለ ጤናዬ ጸለየችልኝ፤ መሪውን ይዛ፣ ዓይኗን ገልጣ። ስሰናበታት ጥቅልል ዳቦ በወረቀት ሰጠችኝ። «የጾም ነው፤ ሆፐርስ ክሮሲንግ ነው የገዛሁት፤ ቅቤ የለውም» አለች። ጰንጤ ሆና ጾሜን አሰበችልኝ።

ዓርብ

ወደ ትርኢቱ ዩሱፍ፣ ሐያትና እኔ ሄድን። ሜዳው ወደ ጂሎንግ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ንፋሱ ባርኔጣዬን ሁለት ጊዜ ወሰደው፤ ሁለት ጊዜም የማላውቃቸው ልጆች ሮጠው መለሱልኝ። የእኛ ሰው ለአውሮፕላን ሲወጣ የክት ልብሱን ይለብሳል፤ እነዚህ ቁምጣ ለብሰው፣ አፍንጫቸውን ነጭ ቅባት ቀብተው፣ ታጣፊ ወንበር ተሸክመው ነው የመጡት።

ሰው አልባው በገመድ ታጥሮ ቆሟል። ከጠበቅሁት ያንሳል። ወደ አፍንጫው ስጠጋ ደስ የማይል ስሜት ተሰማኝ፤ መስታወት ሊኖር የሚገባበት ቦታ ድፍን ነው። ፊት እንደሌለው ሰው። ዩሱፍ አንድ ጊዜ ዞረውና «ማን ይገሥጸዋል ይሄን?» አለ።

ከእሱ ወዲያ ሁለት ጄቶች ነበሩ፤ አንዱ ባለ አንድ መቀመጫ፣ አንዱ ባለ ሁለት። በባለ ሁለቱ አጠገብ የኋላ ወንበር ሠራተኛ የሆነች ሴት መኮንን ቆማለች። ሐያት አስተረጎመችልኝ።

«አብራሪው ያበርራል፤ እኔ ሩቁን አያለሁ። አጃቢዎቹን ማዘዝ ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነው» አለች።

ወደ ባለ አንድ መቀመጫው ሄድን። ወጣቱ አብራሪ ሳቀ። «ኮምፒዩተሩ ነው ሁለተኛው ሰው። ለእኔ የሚደርሰው ተጣርቶ ነው። ሌላ ሰው ስትጨምር ወንበርና ክብደት ትጨምራለህ፤ ሞት ቢመጣም ሁለት ነው።»

ተመልሼ ሴትዮዋ ዘንድ ሄድኩና የነገረኝን ነገርኳት። «ኮምፒዩተሩ ሲሳሳት ማን ይነግረዋል በለው» አለች። እንደገና ወደ እሱ። ሦስተኛ ስመለስ ሐያት «ጋሼ፣ ሊያጣሏቸው ነው» ብላ ክንዴን ያዘች። እኔ ግን ሁለቱንም አምኜአቸው ነበር፤ ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው።

ቅዳሜ

ሐያት ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ወሰደችን። የምትሠራበት የማስመሰያ በረራ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር ፊትና ኋላ፣ መሪ፣ ዙሪያውን ስክሪን። በመጀመሪያ ብቻዬን አስቀመጠችኝ። እየበረርኩ አራት አጃቢ አዝዛለሁ፤ በጆሮ ማዳመጫው የሚጠይቀኝ ድምፅ ካለም እመልሳለሁ።

እጄ አልረሳም። ወጀብ አመጣችብኝ፤ አለፍኩ። ሁለት አጃቢዎች ሊጋጩ ሲሉ አለያየሁ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ፤ ስወርድ ግን ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

«ጋሼ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ስድስት ጊዜ ጠራሁዎት» አለች።

«አልጠራሽኝም።»

ቅጂውን ከፍታ አሰማችኝ። ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስድስት ጊዜ። እኔ አንዱንም አልሰማሁም።

«ኖርማል ነው» አለች፤ ስታስረዳኝ አማርኛዋን እየፈለገች። «ሰው ዓይኑ በጣም ቢዚ ሲሆን ጆሮው ይዘጋል። ጎበዝም ቢሆን። የሁሉም ሰው ነው።»

ማዳመጫውን በእጄ ይዤ ቀረሁ። ዩሱፍን ያስወጣሁት በዚህ ነበር። የመጨረሻ ፈተናው ላይ ለማረፍ ስንቃረብ የመቆጣጠሪያው ማማ፣ ታወሩ፣ በሬዲዮ ሁለት ጊዜ ጠራው፤ አልመለሰም። ታወሩ ላይ አዛዡ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። እንደወረድን «ተማሪህ ደንቆሮ ነው እንዴ?» ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። እኔም በንዴት «ትኩረቱን መክፈል አይችልም፤ ለጄት አይሆንም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

እና ያ ሁሉ ከአፌ አመለጠ። «ታዲያ አባትሽን ከበረራ ያስወጣሁት በዚህ ነው!»

ሐያት ወደ በሩ፣ ወደ አባቷ ዞረች።

«ዳድ፣ ፓይለት ነበርክ?»

ዩሱፍ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «የፓርኪንጉ ሰዓት ሞልቷል» ብሎ ወጣ። እስከ ፖይንት ኩክ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነዳ። ሐያት ከኋላ ወንበር የአባቷን ማጅራት ታያለች። ሠላሳ ዓመት የተደበቀ ነገር ገለጥኩበት፤ በእንግድነቴ፣ እንጀራውን እየበላሁ።

እሑድ

ሻንጣዬን ላስተካክል ተነስቼ ነበር። ዩሱፍ በሩን አንኳኳና «ባሕሩን አላዩትም፣ እንሂድ» አለኝ።

የፖይንት ኩክ ባሕር ማዕበል የለውም፤ እንደ ሆራ ሐይቅ ረጋ ያለ ነው፤ ማዶው ብቻ አይታይም። ጥቁር ድንጋዮች ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ።

«በዚያን ቀን ስናርፍ አንድ አሞራ በግራ ክንፋችን ሥር ሲያልፍ አይቻለሁ። አሞራ እንደነበረ አውቅ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ግን አልጻፍኩትም። አዛዡ ስላዋረደኝ ነው። በድዬሃለሁ።»

ዩሱፍ ጠጠር እያነሳ ወደ ውሃው ይወረውር ነበር። እጁ ቆመ።

«አንድ አልነበረም። አሥር ይሆናሉ። ከኋላ ሆነው አልታዩዎትም። በመካከላቸው ነው ያሳለፍኩት።»

«ስለዚህ ጥሪውን አልሰማህም። ሐያት እንዳለችው።»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። ሁለቱንም።»

ዞሬ አየሁት።

«ሰምቻለሁ። ግን አሞራዎቹ ላይ ነበርኩ። ጋሼ ከኋላዬ አሉ፣ እሳቸው ይመልሱልኛል አልኩ። የሬዲዮው ቁልፍ አንቱም ጋ ነበር። እየጠበቅሁ ነበር።»

ፈተና ነበር፤ አሠልጣኝ በፈተና ላይ አይረዳም። ይህን ልለው አፌ ላይ መጣና ዋጥሁት። ቢያንስ ከወረድን በኋላ «ለምን አልመለስክም?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ከጀርባው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ፣ አብረን ወርደን፣ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ቆይቶ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «አብረውኝ ከተማሩት ፈተናውን ያለፉት ወደ ሰሜኑ ጦርነት ሄዱ። የተመለሰ ብዙ የለም። ባልወጣ ኖሮ ምናልባት ሐያትም አትኖርም። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አጥፍተዋል ማለቴን ግን አልተውም።»

«አጥፍቻለሁ።»

«እሺ» አለ። ጠጠሩን ወረወረው።

«ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»

ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። «ሐያት ይህን ትምህርት ራሷ ነው የመረጠችው፤ እኔ ምንም ሳልላት። ያን ቀን የሆነውን ልነግራት ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ። የተባረረ አብራሪ ነበርኩ ብዬ ለልጄ እንዴት ልንገራት? አንቱ ቢመጡ ይነግሩልኛል አልኩ። ትናንት ግን አነጋገርዎ ትንሽ ጮክ አለ።»

ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን በእጁ መዳፍ ጠረገና ንፋሱን ረገመ።

ሰኞ

ሐያት ከአባቷ ጋር ሌሊት ምን እንዳወሩ አላውቅም። ጠዋት ግን «ሁለታችሁም ዛሬ ታስፈልጉኛላችሁ» አለች። ዩሱፍ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ያንኑ ወጀብ አመጣችብን። የዩሱፍ ትከሻ ከፍ ሲል አየሁ፤ ድሮም ሥራ ሲበዛበት እንዲያ ነበር። በማዳመጫዬ ጥሪው መጣ። ቁልፉን ተጫንኩ።

«ሰምተናል። አብራሪው ሥራ ላይ ነው፤ እኔን ጠይቁኝ።»

«ጋሼ፣ እንዲህ የሚል ፕሮሲጀር የለንም!» ብላ ሐያት ከመቆጣጠሪያዋ ጮኸች። ዩሱፍ አልዞረም። አንዱን አጃቢ በእኔ ስህተት አጣነው፤ የቀሩትን ሦስቱን መለስናቸው።

በኋላ «እሺ፣ የትኛው ይሻላል? አንድ ወይስ ሁለት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ገና ነው፣ አልጨረስኩም» አለች። «እስካሁን ያየሁት ግን፣ ሁለት ሆነው የማይነጋገሩት ከአንዱም ይብሳሉ። እናንተ ዛሬ ኦኬ ነበራችሁ።»

«ኦኬ» ስትል ለአባቷ ያላት ፊት ሌላ ነበር።

ማክሰኞ

ዩሱፍ ወደ ማለዳ ሺፍቱ ተመለሰ። በር ላይ ተሰናበተኝ፤ «ከእንግዲህ አንተ በለኝ» ስለው «አልችልም» አለ። ዘይነባ ለአልማዝ ቅቤ በሌለው ፎጣ ውስጥ ሻርፕ አጥፋ ሰጠችኝ። ወደ አውሮፕላን ጣቢያው የወሰደችኝ ሐያት ናት።

ዌስተርን ሪንግ ሮድ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ እንደገባን «ጋሼ፣ አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የበረረበትን ቀን ይንገሩኝ። እሱ ይስቅና ይተወዋል» አለችኝ፤ በሙሉ አማርኛ።

ነገርኳት። ጠዋት ነበር፤ ሐይቆቹ ላይ ጭጋግ አለ። ከኋላ ወንበሩ ወርጄ ክንፉን መታ አድርጌለት ወደ ታወሩ ሄድኩ። ተነሳ። ገና ከፍታውን እንደያዘ ከታወሩ ድምፅ ማጉያ እንጉርጉሮ ተሰማ። መንዙማ ነበር። ዩሱፍ በደስታ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭኖ ረስቶታል፤ ለራሱ ብቻ የሚዘምር መስሎታል። ታወር ላይ ያለነው ክርስቲያኑም እስላሙም ቆመን ሰማን። ተቆጣጣሪው ቁጣዬን ያውቃልና ፊቴን አየ፤ እኔ ግን እጄን አነሳሁና «ተወው» አልኩት። ሐይቁን ዞሮ፣ ከተማዋን ዞሮ እስኪመጣ ዘመረ፤ ማንም አላቋረጠውም።

ሐያት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ምን ነበር ግጥሙ? ያስታውሱታል?»

ያስታወስኩትን ያህል በማላምር ድምፄ እልላት ጀመር። እሷም ዜማውን ከቤት ታውቀው ኖሮ ተቀበለችኝ።

አረንጓዴው የአውሮፕላን ጣቢያ ሰሌዳ ከራሳችን በላይ አለፈ። መውጫውም አለፈ።

«ኦ ኖ» አለች። «አላየሁትም።»

ወደሚቀጥለው መዞሪያ ብዙ መንገድ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ጊዜ አለኝ። «ንጂ፣ መንዙማው ገና ሁለት ቤት ይቀረዋል» አልኳት።